ርካሽ ኮፒ የፊልም ማጠቢያ ታንክ፦ ምኑ ይጎድላል? ሕጉስ ምን ይላል?

ሰልፋይት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የኢንተርኔት ገበያው ከፓተርሰን ታንክ (ፊልም ብርሃን ሳይነካው ከሚታጠብበት የታወቀ ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ) ጋር ቁርጥ አንድ በሚመስሉ፣ ስም በሌላቸው ወይም ሰምተነው የማናውቀው ስም በተጻፈባቸው ታንኮች ተሞልቷል። ዋጋቸው የኦርጅናሉን ሲሶ የማይሞላ አለ። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ ጥቁር ፕላስቲክ ያው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ልዩነቱ በትክክል ምኑ ላይ ነው? ፊልም ሳይበላሽ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

ሁለተኛ፣ ይሄ ሁሉ ኮፒ በአደባባይ የሚቸበቸበው ሕግ ስለሌለ ነው ወይስ ሕጉ ራሱ ስለሚፈቅድ? ታንኩን አጋድሞ የሚያሽከረክርና አቅጣጫውን በራሱ የሚቀያይር ትንሽ የሞተር መቀመጫ ንድፍ አለኝ። የ3ዲ ፋይሉን እዚሁ ልለጥፈው አስቤ ነበር። ከመለጠፌ በፊት ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ጨለማ ክፍል

ኮፒ አድራጊው ቅርጹን ይገለብጣል፣ ልኩን ግን አይገለብጠውም። ጣጣው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ሪሉ፣ ማለትም ፊልሙ የሚጠመጠምበት ክፍል፣ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የፕላስቲክ ሪል መግቢያው ላይ ግራና ቀኝ አንዳንድ ትንሽ የብረት ኳስ አለች። ሪሉን ወዲያና ወዲህ ስታዞረው ኳሷ የፊልሙን ጠርዝ ነክሳ ወደ ውስጥ ትገፋዋለች፣ ስትመልሰው ትለቀዋለች። ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። ኮፒው ላይ ኳሷ የምትዛግ ተራ ብረት ትሆንና ከጥቂት እጥበት በኋላ ባለችበት ትጣበቃለች። ወይ ማደሪያዋ ሰፍቶ ፊልሙን ሳትነክስ ትቀራለች። ቦዩ ውስጥ ደግሞ ከሞልዱ መጋጠሚያ የወጣ፣ በጥፍር እንጂ በዓይን የማይገኝ የፕላስቲክ ቅራፊ አለ፤ የፊልሙ ጠርዝ እሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ስትገፋው ከቦዩ ይዘላል። የዘለለው ፊልም ከጎረቤቱ ዙር ጋር ይለጠፋል። የተለጠፈበት ቦታ ዴቨሎፐርም (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ፊክሰርም (ምስሉን የሚያጸናው) ስለማያገኝ ወተት የመሰለ ጠቃጠቆ ሆኖ ይወጣል። ጠቃጠቆውን እንደገና ፊክሰር ውስጥ ከተህ ማጥራት ትችላለህ፣ ምስሉ ግን አይመለስም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሪሉን ጆሮህ አጠገብ አድርገህ ነቅነቅ አድርገው፣ ሁለቱም ኳሶች መንኳኳት አለባቸው። ከዚያ የማትፈልገውን ባለ 36 ፊልም በብርሃን ላይ ሙሉውን፣ 1.6 ሜትር ገደማውን፣ ጠምጥመው። 20 ሳንቲሜትር አስገብቶ «ይሠራል» ማለት ዋጋ የለውም። ሰበቃው በየዙሩ እየተደመረ ስለሚሄድ የሚያንቀው መጨረሻው አካባቢ ነው። ቅራፊ ካገኘህ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ሞክር፣ እምቢ ካለ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርገህ አሸው። አንድ ነገር ግን ለኮፒው ፍትሐዊ እንሁን፤ እርጥብ ሪል ኦርጅናልም ቢሆን ያንቃል። የማለቅለቂያ ሳሙና ቅሪት የያዘም እንደዚያው። ሳትፈርድበት በፊት በሙቅ ውሃ ቦርሸህ በደንብ አድርቀው።

የሪሉን ስፋት ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ወደ ሰፊው 120 ፊልም የምትቀይርበትን መቆለፊያም እየው። ጠቅ ብሎ መያዝ አለበት። ልል ከሆነ ጨለማ ውስጥ እየጠመጠምክ ሁለቱ ጎኖች በራሳቸው ይራራቃሉ።

ቀጥሎ ብርሃን። ብዙ ሰው ብርሃኑን የሚከለክለው የላይኛው ለስላሳ ክዳን ይመስለዋል። እሱ ፈሳሹ እንዳይደፋ ብቻ ነው። የብርሃኑ በር ጠባቂ በፈነል ቅርጽ የተሠራው ክዳንና ሪሉ የሚሰካበት የመሃል ቱቦ ናቸው። የፈነሉ እግር ከቱቦው አፍ ጋር ይደራረባል፣ በመካከላቸው የሚቀረው መንገድ ጠማማና ጥቁር ነው፤ ፈሳሽ ይታጠፋል፣ ብርሃን ግን በየግድግዳው እየተዋጠ ያልቃል። ቱቦው ሁለት ሚሊሜትር ቢያጥር ወይም ግድግዳው ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅ ቢሆን ወጥመዱ ፈረሰ ማለት ነው። ቱቦውን ረስቶ ታንኩን መዝጋት ደግሞ በኦርጅናሉም ፊልሙን ያቃጥላል፤ ያ የሰው ጥፋት እንጂ የታንኩ አይደለም።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ ባትሪ አብርተህ ታንኩ ውስጥ ጨምረህ ክደነው። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ጠብቅና በዙሪያው እየው። ይሄ ትልልቁን ቀዳዳ ብቻ ነው የሚያሳየው። እውነተኛው ፈተና በፊልም ነው፦

ካልተነሳበት 400 አይኤስኦ ፊልም በጨለማ ሁለት ቁራጭ ቁረጥ። አንዱን የፊልሙ ማሸጊያ ቆርቆሮ ውስጥ ደብቀው፣ ሌላውን ሪል ላይ አድርገህ ታንኩ ውስጥ ክተት። የላዩን ለስላሳ ክዳን አውልቀህ፣ ፈሳሽ እንደምትጨምርበት ሆኖ፣ ታንኩን 10 ደቂቃ ፀሐይ ላይ እያዟዟርክ አቆየው። ከዚያ ሁለቱንም በጨለማ ወደምታምነው ታንክ አዛውረህ አንድ ላይ እጠባቸው። ነጭ ብርሃን ላይ ጎን ለጎን ስታያቸው ጥቁረታቸው እኩል ከሆነ ታንኩ አልፏል።

ፊልምህ ቀድሞ ተበላሽቶ ከሆነ ጥቁረቱ የት እንዳለ ተመልከት። ብርሃን በመሃል ቱቦው ከገባ በጣም የሚጠቁረው የውስጠኛው ዙር ነው። በግድግዳው ወይም በክዳኑ ክር በኩል ከገባ የውጭኛው ዙር ነው። ፊልሙን ከመሪ ጫፉ ጀምረህ ከጠመጠምከው የውስጠኛው ዙር 1ኛ፣ 2ኛ ፍሬም አካባቢ ነው፣ 36ኛው ከውጭ ይቀራል። ብርሃኑን ያስገባው ካሜራህ ከሆነ ግን የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በየፍሬሙ አንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም ነው።

መጠን። የኦርጅናሉ ታንክ ታች ላይ ለአንድ 35 ሚሊሜትር 290፣ ለአንድ 120 ደግሞ 500 ሚሊ ሊትር ይላል። ኮፒው ጽሑፉን ጭምር ይገለብጠዋል፤ የታንኩ ወለል ግን ጥልቅ ሊሆን ይችላል። 290 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምረህ ሪሉ ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን በዓይንህ እይ። ካልሸፈነው እስኪሸፍነው ጨምርና ያንን ቁጥር ታንኩ ላይ ጻፍበት።

የብረት ሪል ለምትጠቀሙ፦ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡትና ከጎን እዩት። ከተወላገደ ወይም የሽቦው ዙሮች ርቀት እኩል ካልሆነ አትግዙት፤ በእጅ አቃንተነው ልኩን ያገኘ ሪል የለም። ስትጠመጥሙ በየሁለት ዙሩ ፊልሙን ገፋ መለስ አድርጉት። ትንሽ መላወስ አለበት። ካልተላወሰ ከቦዩ ወጥቷል።

ሜቶል

ጨለማ ክፍል ያላነሳውን ልጨምር። ቴርሞሜትር ኮፒ አትግዙ። ጥቁርና ነጭ በ20 ዲግሪ ላይ የአንድ ዲግሪ ስህተት በሰዓት ይካካሳል። ሲ-41 የሚባለው የከለር ፊልም እጥበት ግን 37.8 ዲግሪ ላይ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው፤ የተፈቀደው መዛነፍም 0.15 ዲግሪ ብቻ ነው። ማሸጊያው ላይ «±1» የተጻፈበት ዕቃ ለዚህ ሥራ መጫወቻ ነው። ለማመሳከር የሰው ትኩሳት መለኪያ ተጠቀሙ። እነሱ የሚሠሩት እዚያው 37 እና 39 መካከል ለመለካት ስለሆነ 38 ዲግሪ ላይ ጥሩ ዳኛ ናቸው።

ደግሞ ብሊክስ፣ በከለር እጥበት ብሊችና ፊክሰርን አንድ ያደረገው ፈሳሽ፣ ጋዝ ያወጣል። ውሃ ብቻ ሞልታችሁ ገልብጣችሁ ያላፈሰሰ ክዳን ብሊክስ ሲገባበት ሊስፈነጠር ይችላል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ግልበጣዎች በኋላ ክዳኑን ከፈት አድርጋችሁ አስተንፍሱት።

መለኪያ ሲሊንደር፣ ፈነል፣ ማድረቂያ ቆንጣጭ፣ ጠርሙስ? ርካሹን ግዙ። ሲሊንደሩን ብቻ አንድ ጊዜ በሚዛን አረጋግጡት፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 100 ግራም ነው። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን ጠርሙስ ግን ኦርጅናሉንም አልመክርም፣ እጥፋቱ አይጸዳም፣ ፕላስቲኩም አየር ያሳልፋል።

የንድፍ ሰው

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። የሌላን ድርጅት ስም ወይም አርማ ለጥፎ የሚሸጥ ፎርጅድ ነው። የንግድ ምልክት ጥሰት ነው፣ ጉምሩክም ሊይዘው ይችላል። ያንኑ ቅርጽ በራሱ ስም የሚሸጥ ግን ኮፒ ነው፤ ኮፒ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕጋዊ ነው። ቅር ቢለንም እውነቱ ይሄ ነው።

ምክንያቱም ፓተንት ዕድሜው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት፣ ትሪፕስ የሚባለው፣ ያስቀመጠው መነሻ ይሄ ነው። ኳስ ያለው ሪልም ሆነ የብርሃን ወጥመዱ ከዚያ በላይ የቆየ አሠራር ነው። ከታሪኩ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአግፋ ሮንዲናክስ ነው፤ ጨለማ ክፍል ሳያስፈልግ ፊልም በብርሃን የሚጫንበት ሳጥን፣ የ1930ዎቹ ሥራ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ የወጣው ላብ ቦክስ የተነሳው ከዚያው ሐሳብ ነው። ይሄ ሌብነት አይባልም። ፓተንት ሲሰጥ የተገባው ውል ራሱ ነው፦ አሠራሩን ለሕዝብ ትገልጣለህ፣ ለተወሰነ ዘመን ብቻህን ትጠቀማለህ፣ ከዚያ የሁሉም ይሆናል።

ፊልም አጣቢዎች የሚያውቁት ሌላ ምሳሌ ዲ-76 የሚባለው የኮዳክ ዴቨሎፐር ነው። ቀመሩ በ1920ዎቹ የታተመ ነው፦ ሜቶል 2 ግራም፣ ሶዲየም ሰልፋይት 100፣ ሃይድሮኪኖን 5፣ ቦራክስ 2፣ ውሃ እስከ 1 ሊትር። ማንም ቀምሞ መሸጥ ይችላል። ኢልፎርድ ተመጣጣኙን አይዲ-11 ብሎ ይሸጣል። «ኮዳክ» የሚለውን ስም ግን ፓኬቱ ላይ መጻፍ አይቻልም። ቀመሩ ነፃ ነው፣ ስሙ አይደለም።

የኢንዱስትሪ ንድፍ የሚባለው ደግሞ መልኩን ብቻ ይጠብቃል፣ በትሪፕስ ቢያንስ 10 ዓመት። ሥራው ያስገደደውን ቅርጽ ግን አይጠብቅም። ፈነሉ ፈነል የሆነው ፈሳሽ እንዲያስገባ ነው፤ በንድፍ ምዝገባ ልታጥረው አትችልም። የንግድ ምልክትም እንዲሁ። ሌጎ የጡቡን ቅርጽ የንግድ ምልክት ለማድረግ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ያሰናበተው ቅርጹ የቴክኒክ ሥራ ውጤት ነው ብሎ ነው።

አሁን ያንተ የሞተር መቀመጫ። ፋይሉን አትለጥፍ፤ ቢያንስ ዛሬ አትለጥፍ። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው፣ አንተው ራስህ ቀድመህ ብትገልጠውም አዲስነቱ ይጠፋል። አሜሪካ ለፈጣሪው 12 ወር ትታገሳለች፣ የአውሮፓ ፓተንት ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ የእፎይታ ጊዜ የለውም። መጀመሪያ አንድ አገር ታመለክታለህ። በ1883ቱ የፓሪስ ስምምነት መሠረት ያ ቀን ለፓተንት 12 ወር፣ ለንድፍና ለንግድ ምልክት 6 ወር ቀዳሚነት ይይዝልሃል። በዚያ ጊዜ ገበያውን እያየህ የት የት እንደምትቀጥል ትወስናለህ። መብቱ በየአገሩ ስለሆነ አንድ ቦታ የተመዘገበ ሌላ ቦታ ዋጋ የለውም። ገንዘቡ የሚበቃው ለጥቂት አገር ከሆነ ዕቃው የሚመረትበትንና በብዛት የሚሸጥበትን አስቀድም።

ለትንሽ ማሻሻያ አንዳንድ አገሮች አነስተኛ ፈጠራ የሚሉትን ይመዘግባሉ። ዘመኑ ከፓተንት ያጠረ፣ ወጪውም የቀለለ ነው። ለአንተ ሳይሆን አይቀርም የሚስማማው።

ቀይ መብራት

ይሄን ሁሉ ውጣ ውረድ ምን አመጣው? ፋይሉን «ለንግድ አይውልም» በሚለው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ይልቀቀው። የሸጠ ሰው ጥሷል፣ አለቀ።

የንድፍ ሰው

አላለቀም፣ ወንድሜ። ያ ፈቃድ የቆመው በቅጂ መብት ላይ ነው። የቅጂ መብት ፋይሉን፣ ሥዕሉንና መመሪያውን ይጠብቃል። ጥርስና ሞተር ያለበትን፣ የሚሠራውን ዕቃ ግን በጥቅሉ አይጠብቅም። ሰውየው ፋይልህን ራሱን አውርዶ አትሞ ከሸጠ ክርክር ልታነሳ ትችላለህ። ዕቃውን ገዝቶ በካሊፐር ለክቶ አዲስ ፋይል ከሠራ ግን ፈቃድህ አይደርስበትም። ፈቃዱን መልካም ሥነ ምግባር ያለው ሰው ያከብረዋል፤ ኮፒ አድራጊ ፋብሪካ ስለ እሱ ሲል እንቅልፍ አያጣም።

የቅጂ መብት ግን በሌላ በኩል ከሁሉ ፈጣኑ መሣሪያ ነው። እነዚህ ሻጮች ሰነፎች ናቸው፤ ፎቶህን፣ የመመሪያህን ጽሑፍ፣ አንዳንዴም ሞተሩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም እንዳለ ይወስዳሉ። የገበያ ድረ ገጾች በፎቶ ስርቆት ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ከፓተንት አቤቱታ ይልቅ በቶሎ ያያሉ፣ ምክንያቱም ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ማየት መሐንዲስ አይጠይቅም። ስለዚህ የምርቱን ፎቶ ራስህ አንሳ፣ ያልተነካካውን የካሜራ ፋይል ከነቀኑ አስቀምጥ፣ የፕሮግራሙን ምንጭ አትልቀቅ።

ስሙን ዛሬውኑ አስመዝግብ። የንግድ ምልክት እየታደሰ ያለ ገደብ ይኖራል፣ ከፓተንትም በብዙ ይረክሳል። ስሙን በተለጣፊ ወረቀት ሳይሆን ሞልዱ ውስጥ አስቀርጸው። የሚገለብጥህ ሰው ወይ ስሙን ለማጥፋት ሞልድ ይቀይራል፣ ወይ ከነስሙ ገልብጦ ፎርጅድ ውስጥ ይገባል።

ማሳሰቢያ፣ አንተም በሌላው በኩል ተጠንቀቅ። «ለፓተርሰን ታንክ የሚሆን» ብለህ መጻፍ ዕቃህን ለመግለጽ አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ተቀባይነት አለው። አርማቸውን መለጠፍ ወይም የእነሱ ምርት ማስመሰል ግን አይቻልም።

ሰልፋይት (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር አሳሰበኝ። የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ቀደም ሲል ለጥፌያለሁ፤ ሲሽከረከርና አቅጣጫ ሲቀይር ይታያል። ይሄ መግለጥ ይባላል?

የንድፍ ሰው

የሚወስነው የሚታየው ነገር ነው። ሳጥኑ ተዘግቶ ታንኩ ሲዞር ብቻ ከሆነ የገለጥከው ውጤቱን ነው፣ አቅጣጫ የሚቀይርበት ዘዴ ገና ውስጥ ነው። አንድ የሙያው ሰው ቪዲዮውን አይቶ መልሶ መሥራት የሚችል ከሆነ ግን ተገልጧል። የውጭ መልኩ ደግሞ ያለ ጥርጥር ታይቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት የንድፍ ምዝገባ 12 ወር ስለሚታገስ ቪዲዮውን የለጠፍክበትን ቀን ጻፈው። አታጥፋው። ማጥፋቱ መታየቱን አይሽረውም፣ ቀኑን የምታረጋግጥበት ማስረጃህንም ያሳጣሃል። ይዘህ ወደ ፓተንት ጠበቃ ሂድ።

ለፋብሪካ የምትሰጥ ከሆነ ሞልዱ የአንተ ንብረት መሆኑን፣ ለሌላ ሰው እንደማይመረትበት፣ ሥራው ሲያልቅም እንደሚመለስ በውሉ አስጽፍ። ኮፒ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዚያው ሞልድ በማታ ፈረቃ ነው። ክፍሎቹን ለሁለት አምራች ከፋፍለህ መጨረሻውን ራስህ ብትገጥም የተሻለ ነው።

ጨለማ ክፍል

የሕጉን ጨርሳችኋል፤ እኔ ስለ ዕቃው ልበል። የፓተርሰን ዓይነት ታንክ ለመገልበጥ እንጂ ተጋድሞ ለመሽከርከር አልተሠራም። የላዩን ክዳን ስትዘጋ መሃሉን ተጭነህ አየር አስወጣ፣ አለዚያ ሞተርህ ላይ ያንጠባጥባል። ማሽከርከር ያልተቋረጠ ማነቃነቅ ስለሆነ የጥቁርና ነጩን ሰዓት 15 በመቶ ገደማ ቀንስና ከዚያ በሙከራ አስተካክል። አቅጣጫ መቀየሩን አትተወው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲዞር በፍሬሙ ላይ ጅራት የመሰለ መስመር ይወጣል።

ቀይ መብራት

የመጨረሻ ጥያቄ። ኮፒ ታንኩን ገዝቼ ኦርጅናል ሪል ብጨምርበትስ?

ጨለማ ክፍል

ታንኩ የብርሃኑን ፈተና ካለፈ ጥሩ መላ ነው፣ እኔም የምመክረው እሱን ነው። የመሃል ቱቦውን ውፍረት ግን አረጋግጥ። ኮፒው ቱቦ ከቀጠነ ሪሉ ስትገለብጠው እየተንሸራተተ ወደ ላይ ይወጣና ከዴቨሎፐሩ በላይ ይቀራል። ምልክቱ በፊልሙ ርዝመት ሙሉ በአንድ ጠርዝ ብቻ የሚሄድ የሳሳ መስመር ነው። ባለ ሁለት ሪል ታንክ ውስጥ አንድ ፊልም ስታጥብ ባዶውን ሪል ከላይ ደርበው። ወይም ከኦርጅናሉ ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ቀለበት ከሪሉ በላይ ቱቦው ላይ ቆንጥጠው፤ ቀለበቱ ኮፒው ቱቦ ላይ ከላላ ጥቂት ዙር የኤሌክትሪክ ቴፕ ከሥሩ ጠምጥምበት።